እስክምል አታግቢ

ለንደን፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2009

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ። ኤርፖርት ስትሸኚኝ ፊትሽን አዙረሽ መቅረትሽ ግን እስካሁን ያሳዝነኛል። ወንድሜነህ ምክንያቱን ነገረኝ። «የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ለምን ዝም ብላ እዚሁ አልቀረችም?» ብለሻል አሉ። በስልክ ልመልስልሽ ብል ሁለታችንም ማልቀሳችን ስለማይቀር በወረቀት ይሻላል።

ፓስፖርቱ አሜሪካ ያለ ቪዛ ያስገባኛል፤ ሦስት ወርም ያስቀምጠኛል። መሥራት ግን አይፈቅድልኝም። ከሦስት ወር ካለፍኩ ሁለተኛ እንደዚያ ልገባ አልችልም፤ አባርረው ቢመልሱኝም ዳኛ ፊት ቆሜ የመከራከር መብት የለኝም። ደግሞ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ደለስ ኤርፖርት ስደርስ ያን ያህል ያስጠበቅኳችሁ ሻንጣዬ ዘግይቶ አልነበረም። መኮንኑ ኮምፒውተሩ ላይ አንቺ ያመለከትሽልኝን ፋይል አይቶ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደኝ።

«እናትሽ ለመኖሪያ ፈቃድ አመልክታልሻለች። ለመቅረት ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«አይደለም። ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ ይጠብቀኛል» አልኩት።

ሆስፒታሉ የጻፈልኝን ደብዳቤ ባልይዝ ኖሮ በመጣሁበት አውሮፕላን ይመልሰኝ ነበር። እና እማዬ፣ ይጠይቃሉ።

«በነርስነቷስ?» ብለሽም ነበር። የእነሱን ፈተና ማለፍ፣ ከዚያ የሚያስመጣኝ ሆስፒታል ማግኘት አለብኝ። ያን ሁሉ ባደርግ እንኳ አሁን የነርሶች ወረፋ ራሱ ቆሟል። ዲቪ በየዓመቱ እሞላለሁ። እዚህ የተወለዱት ባልደረቦቼ መሙላት አይፈቀድላቸውም፤ እኔ አዲስ አበባ በመወለዴ ይፈቀድልኛል። ዕጣው ግን እስከ ዛሬ አላወቀኝም። የቀረን አንቺ ግሪን ካርድሽን እንዳገኘሽ በ2004 የከፈትሽልኝ ፋይል ነው። እሱም ተራው ገና ሩቅ ነው።

ሲራክ ሰላም ብሎሻል። ስለ እሱ ለብቻው እጽፍልሻለሁ።

ልጅሽ ሄለን


አሌክሳንድሪያ፣ ማርች 29 ቀን 2009

ልጄ ሄለን፣

እግዜር ጤና ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያው፣ ላውንድሪውም ያው ነው፤ የሆቴል አንሶላ ታጥቦ አያልቅም።

ሲራክ ሽማግሌ ሊልክ ነው ላልሽኝ፣ ደስ ብሎኛል። በስልክ ሳናግረው ሳይጣደፍ የሚያወራ፣ ጨዋ ልጅ መሰለኝ። ለሽማግሌዎቹ መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ወንድምሽ ወንድሜነህ «ስለ ፋይሉ እንጠይቅ» ብሎ ከስፕሪንግፊልድ መጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ጠበቃ ዘንድ ወሰደኝ። ሳሌም ትባላለች፤ እዚሁ ያደገች፣ ልጅ እግር ናት። አማርኛዋ እየተደናቀፈ ቢሆንም ነገሩን አትሸፋፍንም።

«እማማ ካሰች፣ ልጅዎ ሲንግል ናት አይደል?» አለችኝ።

«ልታገባ ነው» አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎ ግሪን ካርድ ብቻ ይዘው እሷ ካገባች ፋይሉ ይሞታል» አለች።

«እንዴት ይሞታል?»

«ግሪን ካርድ ላለው ሰው ያገባ ልጅ የሚባል ካቴጎሪ የለም። እርስዎ ሲትዝን ከሆኑ በኋላ ካገባች ግን አይሞትም። ወደ ሌላ ወረፋ ይዞራል እንጂ።»

የዜግነቱን ፈተና በአማርኛ መፈተን ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዕድሜዬ ይበቃል፤ ግን በግሪን ካርድ አሥራ አምስት ዓመት የኖረ መሆን አለበት። እኔ ስድስተኛዬ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ እፈተናለሁ። ሀጀራን ታውቂያታለሽ፣ አብራኝ አንሶላ የምታጥፈውን። እሷም ልትፈተን ስለሆነ ሴቨን ኮርነርስ አጠገብ ማታ ማታ ክላስ ተመዝግበናል።

ሽማግሌ አትላኩ፣ ልጄ። ለዜግነቱ እስክምል አታግቢ። እናት ልጇን አታግቢ ማለቷን እኔም ሰምቼ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሄጄ መስቀል ተሳልሜ ብቻ ተመልሻለሁ። ግን አምስት ዓመት የጠበቅነው ነገር ነው።

ተቀይመሽኝ እንደሆነ ንገሪኝ።

እናትሽ ካሰች


ለንደን፣ ሜይ 3 ቀን 2009

እማዬ፣

መልሴ መዘግየቱን እንደ ኩርፊያ አትቁጠሪብኝ። ትንሽ ተቀይሜ ነበር፤ አሁን የለም። በእርግጥ ደብዳቤሽን ለሲራክ ሳነብለት ስለ ሽማግሌው ያለውን ልዘለው ፈልጌ ነበር። ድምፄን ሰምቶ «የዘለልሽው ምንድን ነው?» አለኝ፤ አነበብኩለት።

ደብዳቤውን ተቀብሎ ራሱ አነበበው። ከዚያ «እናትሽ አምስት ዓመት ጠብቀዋል። እኔ አንድ ዓመት ብጠብቅ ምን እሆናለሁ?» አለ።

«ከአንድ ዓመት ቢበልጥስ?»

«ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ከባድ የሆነው ለቤተሰቦቹ መንገሩ ነው። አጎቱ አቶ ብርሃነመስቀል ሽማግሌ ሆነው ሊመጡ ሱፋቸውን አሳጥበው ነበር። «እናቷ ወረቀት እየጠበቁ ነው» ሲላቸው «የማን ወረቀት? እሷ እንግሊዛዊት አይደለችም እንዴ?» አሉት። ሊያስረዳቸው ቢሞክር አልገባቸውም። አሁን ልጅቷ የምትደብቀው ነገር አለ ብለው ይጠራጠራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ለሰው ሁሉ «ልጄ ልትመጣ ነው» አትበዪ። ባለፈው ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸው ሴቶች ሁሉ መቼ ነው የምትመጪው እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ሥራዬ ደህና ነው። ሲራክም ደህና ነው፤ ሰሞኑን ቤት ይውላል።

ልጅሽ ሄለን


አሌክሳንድሪያ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2010

ሄለንዬ፣

በረዶውን በቴሌቪዥን አይተሽ ደንግጠሻል። አትስጊ። መንገዱ ሁሉ ስለተዘጋ ሠራተኛው ሆቴሉ ውስጥ እንዲያድር ተደርጎ፣ እኔና ሀጀራ ሰባተኛ ፎቅ የእንግዳ አልጋ ላይ ተኛን። ስናጥፈው የኖርነውን አንሶላ ለብሰን! ሀጀራ «ካሰች፣ ዛሬ እኛ ነን ጌስቱ» እያለች ስትስቅ አደረች።

«ጥናቱ ከከበደሽ ለእኔ ብለሽ አትሠቃዪ» ላልሽኝ፣ ጥያቄውስ አይከብደኝም። ፕሬዚዳንቱ ቢሞት ማን ይተካዋል፣ ሴናተር ለስንት ዓመት ይመረጣል፣ ይህን ይህን አንሶላ እያጠፍን እየተጠያየቅን ሸምድደነዋል። መጻፉ ነው ጣጣው። መኮንኑ በቃሉ ይናገራል፤ አንቺ ሰምተሽ ትጽፊያለሽ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የማያነቡትን ፊደል ይጽፋሉ፤ ምን ለማድረግ እንደሆነ መምህሯም አታውቅ። ወንድምሽን ጠይቄው «ኢት ኢዝ ሳይለንት፣ እማዬ» አለኝ። ዝም የሚል ከሆነ ለምን ይጠሩታል?

ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ አሻራም ሰጥቻለሁ። ቀጠሮ ይልካሉ።

ሲራክ ቤት ይውላል ያልሽው ገብቶኛል። እንግሊዝ አገርም ግንባታ ቆሟል ብሎ ወንድምሽ ነግሮኛል። አይዞህ በይው። እኔ ያልኩሽን አልረሳሁም፤ አንቺም ምን እንደምትከፍዪ አውቃለሁ።

እናትሽ ካሰች


ለንደን፣ ጁን 27 ቀን 2010

እማዬ፣

ቀጠሮው ዘገየ ያልሽኝ እውነት እንዳልሆነ ከወንድሜነህ ሰማሁ። እንዳትቆጪው፤ አምልጦት ነው። ሜይ ላይ ተፈትነሽ ጽሕፈቱን ወድቀሽ ኖሯል። ሀጀራ አልፋለች። ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ሆስፒታል ስንት ጊዜ ነው ተፈትኜ የወደቅኩት? ሁለተኛ ዕድል እንደሚሰጡሽና ቀኑም በኦገስት እንደሆነ ነግሮኛል። ታልፊያለሽ።

አሁን እኔም የደበቅኩሽን ልንገርሽ። እንደምታውቂው ሲራክ ሥራ ከፈታ ዓመት አልፎታል። እዚህም እዚያም ይሞክራል፤ አንድ ሳምንት ይጠሩታል፣ ሦስት ሳምንት ይተዉታል። በዚህ መሀል ሌሎች አገሮችን ማየት ጀመርን። አውስትራሊያ ለነርስ ክፍት ነው፤ ግን ካንቺ ጋር ቀንና ሌሊታችን እንኳ አይገጥምም። አየርላንድ ለእኔ ምንም ፈቃድ አያስፈልገኝም፤ ሥራ ግን እዚያ ከዚህ የባሰ ነው። ካናዳ ነርሶችን በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ይወስዳል፤ ባለቤትንም አብሮ። ከቶሮንቶ አንቺ ዘንድ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ብትስቂም ሳቂ፤ እንግሊዝኛ እችል እንደሆነ ይፈትኑኛል! አሥራ ሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማርኩና የሠራሁ፣ ፓስፖርቴም የእንግሊዝ የሆነ ሰው፣ ቁጭ ብዬ ድርሰት እጽፋለሁ። እናትና ልጅ አንድ ላይ ተማሪ ሆነናል።

ችግሩ ለዓመቱ የሚቀበሉት የነርስ ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በር የሚከፍቱት በጁላይ ሲሆን ቶሎ ይሞላል ይባላል። ሲራክ በእኔ ስም አብሮ እንዲገባ ደግሞ ተጋብተን መሆን አለበት። ካገባሁ ያንቺ ፋይል ያበቃል።

ተነጋግረን ወስነናል። የዘንድሮው ይለፈን። ፈተናሽን ጨርሰሽ እስክትምዪ እንጠብቃለን። ይህን የምጽፍልሽ ልታውቂው ስለሚገባ ብቻ ነው።

ልጅሽ ሄለን


አሌክሳንድሪያ፣ ጁላይ 6 ቀን 2010

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። እሑድን አለፍኩና ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ልሄድ ስል በዓል ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው አሉኝ። ዛሬ ማክሰኞ ለወንድምሽ ሳልነግር በአውቶቡስና በባቡር ብቻዬን ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ሳሌም ቀጠሮ የለዎትም ሳትል አስገባችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። «ኦገስት ላይ አልፌ፣ ምዬ፣ ከዚያ ልጄ ብታገባ መቼ ትመጣለች?»

«ያገባ ልጅ ወረፋ ረጅም ነው፣ እማማ።»

«ረጅም ስንት ነው?»

«ሌላ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ሊሆን ይችላል። ፕሮሚስ ማድረግ አልችልም።»

«ባታገባስ?»

«ያ አጭር ነው። ምናልባት ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ግን እዚህ እስክትገባ ድረስ ማግባት የለባትም። ከገባች በኋላ ደግሞ ባሏን ለማምጣት እንደገና ሌላ ወረፋ አለ።»

ይህን ባለፈው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም ነበር። እስክምል ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ሄለን። ከማልኩ በኋላ ሁሉ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ ያንቺ እኩያ የምትሆን ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ተቀምጣለች። ትንሹ እግሬ ላይ ጭማቂ ደፋብኝና ይቅርታ ስትለኝ እኔ የማየው ልጆቿን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመትሽ ነው። ሲራክ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አንድ ቀን እንኳ በእኔ ላይ አላጉረመረመም። ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር፤ አልነገረሽም ይሆናል። «እርስዎ ካሉ እንጠብቃለን» አለኝ። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር፤ እኔ ግን «ተባረክ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ለሀጀራ ነገርኳት። እሷ ደግሞ መናገር ታውቅበታለች። «ልጅቷን እንደ አንሶላ አጥፈሽ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠሻታል» አለችኝ። ተቆጥቼ ጥያት ሄድኩ። ማታ ግን እውነቷን ነው አልኩ።

አግቢ። የዘንድሮው አይለፋችሁ። አቶ ብርሃነመስቀል ሱፋቸውን እንደገና ያሳጥቡ። ወንድሜነህ በስልክ ሽማግሌ ይቀበላል፤ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ፋይሉ ይሙት። ስለ ፋይሉ አንድ ቃል እንዳትጽፊልኝ፤ ስለ ሠርጉ ብቻ ጻፊልኝ።

እናትሽ ካሰች


ለንደን፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2010

እማዬ፣

ስለ ሠርጉ ብቻ ጻፊ ባልሽው መሠረት እጽፋለሁ።

የማዘጋጃ ቤቱን ጁላይ መጨረሻ ፈጽመን የካናዳውን ማመልከቻ በዚያው ሳምንት አስገባን። ቁርባኑ ትናንት ሆነ። ዝናብ ነበር። ሲራክ ካባው ረዝሞበት ሁለት ጊዜ ሊደናቀፍ ነበር፤ ዲያቆኑ ከኋላ ያዘለት። አቶ ብርሃነመስቀል በአንቺ ቦታ ቆመው የወላጆች ስም ሲጠራ «የሙሽራዪቱ እናት ወይዘሮ ካሰች ከአሜሪካ ይመርቃሉ» ብለው በጮኸ ድምፅ ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

የቪዛሽ መልስ ሳይመጣ መቅረቱ የማንም ጥፋት አይደለም። እኔ ያለ ቪዛ አንቺ ዘንድ ስመጣ አንቺ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ወደ እኔ ለመምጣት እንደዚያ መለመንሽን ሳስብ ሳቄም ንዴቴም ይመጣል። ተከራይተን ካመጣናቸው ወንበሮች አንዱ ባዶ ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም፤ ሆን ብለን ሳይሆን እንዲያው ሆነ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ወንድሜነህ «ራሷን ጠይቂ» ብሎ አልነገረኝም። ኦገስት ላይ ሄድሽ ወይስ ተውሽው?

ልጅሽ ሄለን


አሌክሳንድሪያ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2010

ሄለንዬ፣

ሄጃለሁ። ጠዋት ተነስቼ «አሁን ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ተኝቼ ነበር። ሀጀራ መጥታ በሩን ደበደበችና «ክላሱን በከንቱ ነው ያመላለስሽኝ? ተነሺ!» አለችኝ። መኮንኑ ወጣት ነበር። የነገረኝን ዓረፍተ ነገር ሰምቼ ጻፍኩ። ወረቀቱን ገልብጦ አየውና «ጉድ ጆብ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለኝ አስተማሪ አልነበረም።

ባለፈው ወር ማልኩ። አዳራሹ ውስጥ ከስንቱ አገር የመጣ ሰው ነበር። ወንድምሽና ልጆቹ መጥተው ፎቶ አነሱኝ። ከዚያ ሳሌም ደውላ እንኳን ደስ አለዎት አለችኝና «አሁን ለሄለን እንደ ያገባች ልጅ እንደገና ፋይል መክፈት ይችላሉ። ላዘጋጅ?» አለችኝ።

ትንሽ አሰብኩ። «ይቅር» አልኳት።

«ሹር ነዎት?»

«እሷ ያመለከተችበት አለ። አንድ ሰው በስንት በር ይቆማል?»

ልክ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም። ወንድምሽ ተቆጥቷል። አንቺም ልትቆጪ ትችያለሽ። ግን ዳግመኛ «ጠብቂ» የሚል ነገር ባንቺ ስም መፈረም አልፈለግኩም።

እናትሽ ካሰች


ቶሮንቶ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2012

እማዬ፣

አዲሱ አድራሻችን ከኤንቨሎፑ ጀርባ አለ። ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ሲራክ በሳምንቱ ሥራ ጀመረ። የእኔ የነርስነት ፈቃድ ገና ነው፤ የለንደኑን ማስረጃ እያዩት ነው ይላሉ። እስከዚያ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት እየሠራሁ ነው። አትዘኚ፣ ሥራው አይጠላም።

አልተቆጣሁም። ያን ጊዜ ብትጠይቂኝ እኔም «ይቅር» ነበር የምለው።

ሁለተኛው ክፍል ባዶ ነው፤ እስከ ማርች ድረስ ብቻ። ከዚያ በኋላ ሰው ይመጣበታል። በስልክ ላልነግርሽ ብዬ ጠብቄ ነው። ሐኪሟ «ሴት ልጅ ናት» ብላናለች።

ደብዳቤው ሲደርስሽ ደውዪልኝ። የምጠይቅሽ ትልቅ ነገር አለኝ።

ልጅሽ ሄለን


አሌክሳንድሪያ፣ ሜይ 5 ቀን 2013

ልጄ ሄለን፣

ለጠየቅሽኝ መልስ ሳልሰጥ ክረምቱን ሙሉ አሳልፌያለሁ። ስልክ ላይ «እስቲ» እያልኩ ሸነገልኩሽ። አሁን ልንገርሽ፤ ሳልሞክር አይደለም እንቢ የምልሽ።

ፌብሩዋሪ ላይ እንዳልሽኝ አብሬያችሁ ልኖር ጠቅልዬ ልመጣ ወስኜ ነበር። ለሥራ ኃላፊዬ ነገርኩት። አበቦቼን ለጎረቤት ሰጠሁ። ሻንጣዬን አልጋ ላይ ከፍቼ ልብሴን ስከት፣ ሀጀራ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትሆን ስለነበር «ማን ነው ሆስፒታል የሚያደርሰኝ?» አለችኝ። ልጆቿ ካሊፎርኒያ ናቸው። እኔ ወሰድኳት፤ እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ቤቴ ስገባ ሻንጣው እንደተከፈተ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት። ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ያጠፍኩበት ሆቴል፣ እሑድ እሑድ የምቆምበት ቦታ፣ ስሄድ የሚያውቀኝ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ይሄ ሁሉ ቀላል ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንዱንም መተው አልቻልኩም።

ልብሴን መልሼ ሰቀልኩ። አበቦቼንም አፍሬ ጠይቄ ተመለሱልኝ።

ያን ጊዜ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ያን ሁሉ ዓመት «ነይ፣ ነይ» ስልሽ ለንደን ውስጥ ያለሽን ነገር አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። የምትተዪው ነገር ያለሽ አልመሰለኝም ነበር። ለንደንን የተውሽው ለሲራክ ሥራ ነው፤ ለእኔም ለመቅረብ ነው። ቀርበሽልኛል። ይበቃኛል።

ስለዚህ ለመኖር አልመጣም፤ ለመጠየቅ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ብትሰለቹኝም እመጣለሁ። ለሕፃኗ ክርስትና ወንድሜነህ በመኪና ያመጣኛል። ቅዳሜ ማለዳ ከስፕሪንግፊልድ ተነስተን ማታ እንደርሳለን ይላል፤ ድንበሩ ላይ ወረፋ ካለ ግን ሊመሽብን ይችላል። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ሰጥተውኛል። ስመለስ እንዳታለቅሺብኝ፤ እኔም ላለማልቀስ እሞክራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ስንደርስ «ተኝታለች፣ ነገ ታያታለሽ» እንዳትዪኝ። በየትኛውም ሰዓት ብንደርስ ቀስቅሺልኝ።

እናትሽ ካሰች